ዓባይን ሁለት ጊዜ መጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የዛሬውን ክፍል የምቀዳው ባሕር ዳር ሆኜ፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ቦታ ብዙም ሳልርቅ ነው። ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ወንዙ ዳር ቆመን ሳለን «ጋሼ፣ እዚህ ቢዋኙ ምንም አይልም?» ብሎ ጠየቀኝ። የውኃ ጥራት የተማርኩ ሰው ሆኜ በሙሉ አፌ መልስ ልሰጠው ባለመቻሌ፣ ጥያቄው ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም።

አብዛኞቻችን ውኃን የምንመዝነው በዓይናችን ነው። በጥር ጠርቶ ስናየው ንጹሕ እንለዋለን፤ በሐምሌ ሲደፈርስ እንሸሸዋለን። ድፍርስነት በእርግጥ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን የሚነግረን በአብዛኛው ስለ አፈር ነው። ሰውን የሚያሳምመው ነገር ፍጹም በጠራ ውኃ ውስጥም ሊኖር ስለሚችል፣ ለዋና የሚሆን ወንዝ በመጀመሪያ የሚመረመረው ኢ ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ነው። የዚህ ባክቴሪያ አብዛኛው ዓይነት ራሱ በሽታ አያመጣም፤ የሚፈለገው የሰው ወይም የከብት ዓይነ ምድር ወደ ውኃው መግባቱን ስለሚመሰክር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2012 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ሁለት አማራጭ መመዘኛዎች አንዱ በ100 ሚሊሊትር ውኃ ውስጥ አማካዩ ከ126 ኮሎኒ (በላቦራቶሪ ሲራባ የሚቆጠር የባክቴሪያ ክምችት) እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እዚህ ላይ «አማካይ» የምትለዋ ቃል ልብ ልትባል ይገባል። አንድ ቀን የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ፍርድ አይሰጥም፤ በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በየቦዩና በየግጦሹ ተጠራቅሞ የቆየውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ወንዝ በሚያወርድበት ወቅት፣ የትናንቱ ውጤት ለዛሬ አያገለግልም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ኢ ኮላይ ጨርሶ የማይናገርለት ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም ቢልሃርዝያ ነው። በጣና ዳርቻ በሽታው መኖሩ የታወቀ ነው። ጥገኛ ትሉ በዝግታ በሚሄድና አረም በበዛበት ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ከተራባ በኋላ ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመያዝ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን ነክሮ መቆም ይበቃል። እዚህ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ እጭ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት ነው፤ ይህም ልጆች ሙቀቱን ለማብረድ ውኃ ውስጥ የሚገቡበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የባክቴሪያው ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ እንኳ «ግቡበት» ለማለት አልደፍርም።

ዓሣው የሚጠይቀው ሌላ ነው። እርሱ መተንፈስ ይፈልጋል። ተማሪ ሳለሁ ውኃው ውስጥ የሟሟውን፣ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን የለካሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስላገኘሁት «ለዓሣ ተስማሚ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ሪፖርቱን መልሰው ሰጡኝና «ከንጋቱ 11 ሰዓት ሄደህ ለካ» አሉኝ። ያን ዕለት ከፀሐይ መውጣት በፊት ያነበብኩት ቁጥር ከቀኑ እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ የመጀመሪያውን መደምደሚያዬን ሰረዝኩት። ውኃ ውስጥ ያሉት እጽዋት በብርሃን ኦክስጅን ሲያመርቱ ይውላሉ፤ ሌሊት ግን ማምረቱ ቆሞ ሁሉም ፍጥረት ያንኑ የተጠራቀመውን ይጋራል። ዓሣ የሚታፈነው ቀን ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል ነው።

ከፍታችንም ይጨመርበታል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ባሕር ዳር ግን አየሩ ስስ በመሆኑ ወደ 7 ነጥብ 3 ይወርዳል። ለብዙ ዓሦች እንደ ዝቅተኛ ወሰን የሚወሰደው 5 ሚሊግራም ስለሆነ፣ እዚህ ያለው ትርፍ ጠባብ ነው። እምቦጭ የውኃውን ፊት ሲሸፍን ብርሃን ይከለክላል፤ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ያችኑ ትርፍ ይበላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ቦታ የማይገኙት ላቤኦባርበስ የተባሉት የጣና ዓሣ ዝርያዎች ነገር ነው። ከእነርሱ መካከል በርካቶቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ፈጣን ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከእርሻ የታጠበ ደለል በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ከደፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ስለዚህ ሐይቁን ብቻ ለክቶ «ዓሣው ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

መሣሪያ የሚያየው የለካንበትን ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮች ግን ሳምንታትንና ወራትን እዚያው ያሳልፋሉ። ብዙ ኦክስጅን የሚሹት የሜይፍላይ እጮች ጠፍተው፣ በደማቸው ባለው ኦክስጅን ያዥ ሄሞግሎቢን አማካይነት ጥቂት ኦክስጅንን መጠቀም የሚችሉት ቀይ ትላትል መሰል እጮች ብቻ ከተገኙ፣ ቦታው ቆየት ያለ ችግር እንዳለበት እጠረጥራለሁ።

ለልጁ ትናንት ማታ ደውዬ፣ ከቦዩ በታች ባለው በዚያ አረማም ዳርቻ እንዳይገባ ነገርኩት፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት። «ዓሦቹስ?» አለኝ። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት እዚያው እንገናኛለን፤ እኔ መለኪያውን እይዛለሁ፤ ውኃውን ሳይነካ ቦት ጫማና ጓንት አድርጎ ድንጋዩን የሚገለብጠው እርሱ ነው።