ሁለት እርምጃ

ሰላም ናችሁ? እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፤ ቡና ግን አለ። ከኋላ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ ደሴ ውስጥ ባጃጅ የማይሰማበት ክፍል እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሐረጎን እየተጠማዘዛችሁ ስትወርዱ ብርዱ ይቀርና ጃኬት ማውለቅ ትጀምራላችሁ። ውሃ ልገዛ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ካሸሯ ጋ ሦስት አራት ሰው ተሰልፏል። ዝቅ ብዬ ሳይ እግሬ ስር ቢጫ ፕላስተር አለ። ግማሹ ተልጧል፤ ግማሹ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል። በፊት የኤክስ ምልክት ነበር። ወዲያው አወቅኩት። ሳላስበው ሁለት እግሬን እላዩ ላይ አስተካክዬ ቆምኩ። ከፊቴ ያለው ሰው ሄደ፤ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ የቆሙ እናት በቅርጫታቸው ወገቤን ነካ አደረጉኝና፣ "ጠጋ በል እንጂ ልጄ፣ ሰው ይገባብሃል" አሉኝ።

ጠጋ አልኩ።

ግን ያ ፕላስተር ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እንደዚያ ያለ ፕላስተር እኔ ራሴ ለጥፌ አውቃለሁ። ያውም ተንበርክኬ፣ በሜትር እየለካሁ። በ2012።

ታስታውሳላችሁ አይደል? በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ዓርብ ዕለት ነበር። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ትምህርት ቤቶች ወዲያው ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪውን ወደየቤቱ ሸኙ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ደሴ ገባሁ። እናቴ በር ላይ ልታቅፈኝ እጇን ዘርግታ፣ መሃል ላይ ትዝ ሲላት መልሳ አጠፈችው። ከዚያ "ምን አባቱ!" ብላ አቀፈችኝ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለአምስት ወር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል። መጨባበጥ ክልክል። አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ ገበያም ሱቅም መግባት ክልክል። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ተባለ። ስልክ ስትደውሉ እንኳ የሚጠራው ድምፅ ቀርቶ እጃችሁን ታጠቡ ይላችሁ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ሰው በየቤቱ ፈታ። ረመዳን በአምስተኛው ቀን ገባ። አፍጥር ላይ ጎረቤት የማይጠራራበት ረመዳን ደሴ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

እኔ ሥራ የተገኘልኝ በዚያ ሰሞን ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ ሱፐርማርኬት። ስሙን ተዉት። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት መደርደሪያ፣ ሁለት ፍሪጅና አንድ ካሸር። የደሴ ሰው ዋና ዕቃውን ከሰኞ ገበያና ከሰፈር ሱቅ ነው የሚገዛው፤ ሱፐርማርኬት ለፓስታ፣ ለዘይት፣ ለዳይፐር ነው። የእኔ ሥራ በር ላይ መቆም ነበር። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ በምስማር ተበስቶ ተሰጠኝ። ውስጡ አልኮል። የሚገባውን ሰው እጅ እረጫለሁ፣ ማስክ ያላደረገውን እመልሳለሁ። በሩ ላይ "ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት የለጠፍኩትም እኔው ነኝ።

እና ምን አየሁ መሰላችሁ? የደሴ ሰው አፉን መሸፈን መማር አላስፈለገውም። ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የማይስብ ማን አለ? እናቶች ነጠላቸውን በጥለቱ በኩል ሳብ አድርገው አፋቸው ላይ ይይዙታል። ሴቶቹ በሻርፓቸው። መሸፈኑ አልከበደንም። ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ።

የካሸሯ መሳቢያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ማስክ ነበረች። የሱቁ ማስክ። ደንበኛ ረስቶ ሲመጣ እንዳይመለስብን አሠሪያችን ያስቀመጠው ነው። ሰውየው ይመጣል፣ "ወይኔ ረሳሁ!" ይላል፣ እኔ ማስኳን አወጣለታለሁ፣ አጥልቆ ይገባል፣ ፓስታውን ይገዛል፣ ሲወጣ አውልቆ ይመልስልኛል። "ተባረክ" ይለኛል። ለሚቀጥለው እሰጣታለሁ። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቆጠርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት ሰው አደረጋት። ሰባት! ሰባተኛው ሲመልስልኝ ውስጧ እርጥብ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? አልኮል ረጨሁባትና መሳቢያው ውስጥ መለስኳት።

እስቲ አስቡት። ባዶ ፊታቸውን ቢገቡ እኮ ይሻላቸው ነበር። ግን ወረቀቱ "ያለ ማስክ ክልክል ነው" ነው የሚለው። ማስክ አድርገዋል። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚያየው ሃያ ሰው፣ ሃያ ማስክ ነው። ታክሲ ላይ፣ ባንክ በር ላይም ሰው ሲዋዋስ አይቻለሁ። እኔ ግን በደሞዝ ነው ያዋስኩት።

የፕላስተሩም ነገር እንደዚያው ነው። ከካሸሯ ጀምሮ እስከ በሩ አምስት ኤክስ ለጠፍኩ። ለሁለት ሳምንት ሰው አከበረው። ሕፃናት እየዘለሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይጫወቱበት ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ዘይት መጣ። ባለ አምስት ሊትር፣ ከጠፋ ከረም ብሎ ነበር። መኪናው ገና ሳይራገፍ ወሬው ሸዋ በር ደርሷል። እኔ በሩ ላይ "ሁለት እርምጃ! ሁለት እርምጃ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማን ይሰማኛል? አሠሪዬ ከውስጥ "ተዋቸው ይግቡ!" አለኝ። አምስቱ ኤክስ ላይ ስንት ሰው እንደቆመ እግዜር ይወቅ። ጠርሙሴ ከእጄ ወድቆ ተረገጠ። አንድ ጎረምሳ ጄሪካኑን ከፍ አድርጎ በሰው ጭንቅላት ላይ ሲያሳልፍ ማስኩ አገጩ ላይ ነበር። ማታ ወለሉን ስጠርግ አንደኛው ኤክስ ከአንድ ሰው ጫማ ጋር ሄዷል።

በሰው አልፈርድም። ዘይት ነዋ።

አሁን ወዳልኳችሁ ነገር ልምጣ። በር ላይ ስቆም አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሆን ማስኩን በደንብ ያደርጋል። ይርቃልም። የሚያውቀውን ሰው ሲያገኝ ግን እጁ ቀጥታ ወደ ማስኩ ይሄዳል፤ ዝቅ ያደርገዋል። "አንተዬ! አለህ እንዴ?" ለማለት። ሳቁን ለማሳየት። ከዚያ ተጠግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው፣ አፍ ለአፍ ያወራሉ። ሲለያዩ መልሰው ይሸፍናሉ። ለመደርደሪያው።

እኔ ሰው ደንቆሮ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ገለጥ ያደርጋል አይደል? ባርኔጣ ያደረገ ያነሳል። ተሸፍኖ ሰላም ማለት ነውር ነው። በአማርኛ "ፊት ነሳኝ" እንላለን፤ ፊት መንሳት ማለት ሰውን መናቅ ነው። "ራቀኝ" ስንልም ተቀየመኝ ማለታችን ነው። እና መንግሥት በአዋጅ ምን አለን? ፊታችሁን ንሱ፣ ተራራቁ። ለማናውቀው ሰው ይህንን ማድረግ ቀላል ነው። ለምናውቀው ሰው ግን ምላሳችን ራሱ እንቢ አለ።

በሽታው ደግሞ የሚተላለፈው ከማን ነው? ጥግ ላይ ቆሞ ሩዝ ከሚመርጠው መንገደኛ ይልቅ፣ ሩብ ሰዓት አፍንጫችን ስር ቆሞ ስለ ልጁ ሠርግ ከሚያወራን ወዳጅ ነው። ማስኩን ለማያስፈልገው ሰው አድርገን ለሚያስፈልገው አወለቅነው።

የአባቴ ጓደኛ የሆኑ አንድ ሀጂ አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሁለቱም በዓል ቤታቸው የበላሁ ነኝ። አንድ ቀን መጡ። ማስካቸውን በሥርዓቱ አድርገዋል፤ ነጭ፣ በቤት የተሰፋ። እኔን ሲያዩኝ ዝቅ አደረጉትና "አንት ልጅ! እዚህ ነህ እንዴ? አባትህ ደህና ነው?" ብለው ትከሻዬን ሊስሙ መጡ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጠርሙሱን በመሃላችን አደረግኩት። "ሀጂ፣ ሁለት እርምጃ" አልኳቸው። ቃሉ እንደዚህ ነው የወጣው፣ እንደ ዘበኛ።

ቆሙ። እጃቸውን አየሁት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። "እሺ ልጄ፣ ደግ አደረግክ" አሉኝ። ማስካቸውን መልሰው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ረጨሁት። ገዝተው ሲወጡ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ።

ልክ ነበርኩ እኮ! ከስድሳ በላይ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው። ልክ ሆኜ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

ሳይንሱ በኋላ ነው የገባኝ። የጨርቅ ማስክ ዋና ጥቅሙ ከእኛ አፍ የሚወጣውን ማስቀረት ነው፤ እኔ የማደርገው ለእርስዎ፣ እርስዎ የሚያደርጉት ለእኔ። መጀመሪያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ጤነኛ ሰው ማስክ እንዲያደርግ አይመክርም ነበር፤ በጨርቅ ሸፍኑ ያለው ግንቦት 28 ቀን 2012 ነው። የእኛ አዋጅ በሁለት ወር ቀድሞታል፤ ይህንን ሰው ሲያነሳው አልሰማም። ርቀቱም ቢሆን፣ ትልልቁ ጠብታ ስናወራ ወይም ስናስል ወጥቶ ቅርብ ስለሚወድቅ ነው። ትንንሹ ግን አይወድቅም፤ አየር ላይ ይቆያል። የወሎ ሰው ይህንን ለመረዳት ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ቡና ሲፈላ ዕጣኑን አጭሱበት፤ ሁለት እርምጃ ራቁና ቁሙ። አይሸታችሁም? አራት እርምጃ ራቁ። በሩን ካልከፈታችሁት መላው ቤት እሱ ነው።

እኛ ደግሞ በሩን ዘግተን ነበር! ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። ሐምሌ ላይ በር ከፍቶ ሱቅ የሚቀመጥ ጀግና የለም። ካሸሯ "ዝጋው፣ ሞትኩ በብርድ" ትለኛለች፤ እዘጋዋለሁ። ፕላስተሬን በሜትር ለክቼ፣ መስኮቱን ግን አንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም። ኮምቦልቻዎች በሙቀታቸው ምክንያት በር ከፍተው ስለሚውሉ ሳያውቁት ከእኛ የተሻለ ሠርተዋል።

የድሮ ሰዎች ዕጣንና ጭስን ከወረርሽኝ ጋር ማገናኘታቸው ራሱ ይገርመኛል። ህዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ ህዳር ሲታጠን የምንለው፣ ያ 1911 ላይ ሕዝቡን የፈጀው የህዳር በሽታ ትዝታ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ። መቶ ዓመት አልፎት ሰው አሁንም በየዓመቱ በር ላይ እሳት ያነዳል፤ ለምን እንደሆነ የማያውቀውም ጭምር። ከኮሮና ምን ይተርፈን ይሆን? እስካሁን ያየሁት ግማሽ ፕላስተር ነው።

ማስኩ እንዴት እንደጠፋ ታውቃላችሁ። ማንም አውልቁ አላለንም። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ገባ፤ ትምህርት ቤቶቹ በሰው ሞሉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሲተኛ ስለ ሁለት እርምጃ ማን ያወራል? ከዚያ ጦርነቱ ራሱ መጣ። ስለሱ ዛሬ አላወራም። ወደ ሱፐርማርኬቱ ስመለስ መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ። መሳቢያውም ተወስዷል፤ ከነማስኳ።

ሀጂ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንገናኝ ሰላም የሚሉኝ ከሩቅ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ። ዓመታት አለፉ፣ ሰው ሁሉ ወደ መሳሳሙ ተመለሰ፣ እሳቸው ግን ለእኔ ደረት ብቻ። ተቀይመው ይሁን ለምዶባቸው፣ መጠየቅ ፈራሁ።

ከኮምቦልቻ በተመለስኩ በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ዝም ብዬ ወደሳቸው መራመድ ጀመርኩ። ልደርስባቸው ስል መዳፋቸውን እንደ ትራፊክ አነሱብኝ።

"ቁም!" አሉኝ። "ሁለት እርምጃ።"

ደርቄ ቆምኩ። ጫማዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በርጩማውን በእግራቸው ወደ ጎን ገፉና "ና ወዲህ፣ አንት ዘበኛ" ብለው ተነሡ።