ጉዱ ካሳ ምን ሠራ?

የተከበራችሁ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ የሒሳቡን ነገር ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ከሻይ ዕረፍት በኋላ ያቀርቡታል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጥያቄ ላውለው። አንድን የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ጀግና የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ጥያቄው ከእኔ አልመነጨም። ክረምቱን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አብረን ስናነብ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ሁላችሁም ጉዱ ካሳ ጀግና ነው ትላላችሁ። ምን ሠራ? ተናገረ እንጂ!» አለች። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሰዓቱ አልቆ ጥበቃው በር ሊዘጋ ሲመጣ እንኳ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ይከራከር ነበር። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ውይይታችን እሱ ነው። ልጅቷ ዛሬም እዚህ አለች፤ በሁላችሁም ፊት አመሰግናታለሁ።

እኛ ጀግናን ያወቅነው ከፉከራና ከቀረርቶ ነው። ጠላቱን የጣለ፣ ከጦር ሜዳ ያልሸሸ፣ ስሙ በሽለላ የሚነሣ ሰው ነው። አገር በእነሱ ደም ስለቆየች ክብራቸው ክብር ነው። ግን በዚያው መለኪያ ልብ ወለድ ካነበብን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጀግና ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ሊሆኑ ነው። ዘራቸውን ይቆጥራሉ። ይፎክራሉ። ባላገሩ ከተለመደው በላይ አንገብርም ሲላቸው ጦር አስከትለው ይዘምቱበታል። ፈሪ ናቸው የሚል የለም። ታዲያ መጽሐፉን ጨርሶ «የእኔ ጀግና ፊታውራሪ ናቸው» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ድፍረታቸው ሁሉ በእጃቸው ያለው እንዳይነካ ነዋ! ለሌላ ሰው ሲሉ የሚያጡት ነገር የለም። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ሲማርኳቸው አንባቢው የሚደሰተው ለዚህ ይመስለኛል።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነትን በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘምተዋል። ተማርከው ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። ስለ ጀብዱ መጻፍ ቢፈልጉ ስንቁ ነበራቸው። ግን በ1958 ዓ.ም. ባወጡት ትልቅ መጽሐፋቸው ውስጥ ከባዱን ድፍረት ጦር ላልያዘ ሰው ሰጡት። ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

እስቲ ጉዱ ካሳን፣ ማለትም ካሳ ዳምጤን፣ ቀረብ ብለን እንየው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የተዋወቅነው መጽሐፉን በሬዲዮ በተረከው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ካሳ የመኳንንቱ ወገን፣ የፊታውራሪ ዘመድ ነው። ዝም ቢል ማዕዱ ላይ ቦታ አለው። እጅ ነሥቶ፣ «እውነት ነው ጌታዬ» ብሎ፣ ጠጁን ጠጥቶ ማደር ይችላል። የሚያስገድደው ማንም የለም። እሱ ግን እዚያው ቤት፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ሰው በዘሩ የሚበላለጥበት ሥርዓት ልክ አይደለም ይላል። ለዚህ የከፈለው ዋጋ ስሙ ነው። ካሳ መባሉ ቀርቶ «ጉዱ» ሆነ። ቁም ነገር ሲናገር ይስቁበታል። ሰይፍ የመዘዘበትን ሰው ቢያንስ ጠላቱ ያከብረዋል፤ እብድ የተባለ ሰው ግን ያንንም አያገኝም። ሳቁን እያወቀ፣ ነገም ያንኑ ለመናገር እዚያው ቤት የሚመለስ ሰው ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው አስቡት።

ስለዚህ ለልጃችን የምሰጣት መልስ ይህ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ መናገር ራሱ ሥራ ነበር፤ ዋጋ ያስከፍል ነበርና። ግን ጥያቄዋ በዚህ አያልቅም። የካሳ ቃል ያንን ቤት አላፈረሰውም። እግሩን አንሥቶ ከቤቱ የወጣ ሌላ ሰው አለ።

ሰብለ ወንጌል ናት። እኔን የምትጠይቁኝ ከሆነ የመጽሐፉ ትልቅ ጀግና እሷ ናት። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አልገኝ ብሏቸው ጠያቂዋን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ አልፏል። ያደገችው በሰው እጅ እየታገዘች ነው። ውሃ የሚቀዳላት፣ እግሯን የሚያጥባት አለ። ይህች ሴት መነኩሴ መስላ፣ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ የአዲስ አበባን መንገድ ትጀምራለች። ያ ዘመን ደግሞ ሽፍታ ያለበት፣ ነጋዴ እንኳ ተሰብስቦ የሚጓዝበት ዘመን ነው። ቤት ብትቀር የሚነካት አልነበረም። እመቤት ሆና ታረጅ ነበር። እሷ ግን ወጣች።

በዛብህን እወደዋለሁ። እናትና አባቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው፤ ገና ሳያውቅ ሕይወቱ በሌላ ሰው ቃል ታስሯል። ያሳዝናል። ግን ታሪኩ ከእሱ ስለጀመረ ብቻ ጀግና አልለውም። የሱ የጀግንነት ሰዓት እኔ እንደማነበው አዲስ አበባ ደኅና ተቀምጦ ሳለ ሊፈልጋት የተነሣባት ሰዓት ናት። ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይሆንበታል እንጂ እሱ አይመርጥም። በዚህ የማይስማሙ አባላት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው።

እግረ መንገዴን አንዲት ሌላ ሴት ላንሣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ልብ ወለዳችን ገና ሲጀምር ለመንገድ የተነሣች ሴት ነበረችው ማለት ነው። ይህ በትምህርት ቤት ብዙም አይነገርም፤ መነገር አለበት። ደራሲው ራሳቸው በኋላ ከጣሊያን ወራሪ ጋር ማበራቸው ይታወቃል። የጻፏት ልጅ ግን የራሷ ድፍረት አላት። ደራሲው ያልኖረውን ጀግንነት ገጸ ባሕርይው ሊኖረው እንደሚችል እሷን አይቼ አምናለሁ።

አሁን ወደ ወጣት ጸሐፊዎቻችን ልምጣ። ለአጭር ልብ ወለድ ውድድራችን የላካችሁትን ሁሉ ከዳኞቹ ጋር አንብቤያለሁ። ቋንቋችሁ አኩርቶኛል። ባለታሪኮቻችሁ ግን አይፈሩም፣ አይራቡም፣ አያፍሩም። ዐሥር ሰው ይጥላሉ፤ ሸሚዛቸው አይቆሽሽም። እንዲህ ያለውን ሰው ላደንቀው እችላለሁ፤ አልጨነቅለትም። የሚቀጥለውን ስትጽፉ ባለታሪካችሁን ከበሩ ላይ አቁሙት። ቢመለስ ምን ያገኛል? ምሳው አለ፣ እናቱ አለች፣ ሥራው አለ፣ እነዚህን በደንብ አሳዩኝ። ቢወጣ ምን ያጣል? እሱንም አሳዩኝ። ጉልበቱ ይንቀጥቀጥ፤ ለሰዓታት ያመንታ። ከዚያ ከወጣ አብሬው እወጣለሁ። ካልወጣም ጥሩ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግን ጀግና ብላችሁ አትጥሩት።

የዚህ ዓመት ውድድር ማስገቢያ ጊዜ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ቅጹ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ያለው ክርክር «ካሳ ወይስ ሰብለ?» የሚል ሲሆን፣ መጽሐፉን ያልያዛችሁ ከቤተ መጻሕፍታችን መዋስ ትችላላችሁ። ሁለታችሁ ለአንድ ቅጂ እንደምትሆኑ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። መልካም የውይይት ቀን ይሁንላችሁ፤ አመሰግናለሁ።