ከላሊበላ እስከ አክሱም ስንት ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መስመር ነው። ከላሊበላ ኤርፖርት አክሱም ኤርፖርት።

በአየር ቀጥታ ሲለካ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሀገር ውስጥ በረራ የለመድነው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበርራል። በሂሳብ 22 ደቂቃ ይበቃዋል ማለት ነው። ግን አይበቃውም። ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። ሁለቱም ኤርፖርቶች 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት። ላሊበላ አጠገብ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ቆሟል። መውጣቱ፣ መውረዱ፣ ከማኮብኮቢያው ጋር መስተካከሉ ሁሉ ጊዜ ይበላል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከታች ያለው ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሳና መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከአክሱም በስተደቡብ ምዕራብ እንደገና ወደ ምዕራብ ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። አውሮፕላን በቀጥታ ቢበር ወንዙ በግራ በኩል አብሮት ይጓዛል ማለት ነው። ገባር ወንዞቹም ምድሩን ገደል በገደል አድርገውታል። ለዚህ ነው በመኪና የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውለው።

በእግር የሚሄዱትስ? ለገና ላሊበላ፣ ለኅዳር ጽዮን አክሱም ለመሳለም ስንቃቸውን ቋጥረው ከሩቅ ሀገር የሚመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነሱ ርቀቱ የሚቆጠረው በሌሊት ማደሪያ ነው፤ ዛሬ እዚህ መንደር፣ ነገ እዚያ ቤተ ክርስቲያን። ለእኔ ትክክለኛው ልክ ይሄ ነው። የአውሮፕላኑ ደቂቃ የሚነግረን ስለ አውሮፕላኑ ብቻ ነው።

ደግሞ በ2013 ዓ.ም ጦርነቱ ሲጀመር ምን ሆነ? ኪሎ ሜትሩ አልተለወጠም። ያው 240 ነው። ግን ሁለቱም ኤርፖርቶች በየጊዜያቸው ተዘጉ፣ መንገዱም ተቋረጠ። ዘመዱ ወዲያ ማዶ የቀረበት ሰው ስልክ እንኳ መደወል አልቻለም። ያን ጊዜ ከላሊበላ አክሱም ከዋሽንግተን ይልቅ ይርቅ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ቀድሞ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዝ በረራ ነበር፤ ታሪካዊው መስመር ይሉታል። አብዛኛው ተሳፋሪው ቱሪስት ነበር። እኔ የምመኘው ያ መስመር ለሀገሬው ሰው እንዲሆን ነው። የሰቆጣ ነጋዴ፣ የአድዋ ተማሪ፣ ጉልበቷ የደከመ ተሳላሚ አያት የሚሳፈሩበት፣ ዋጋውም እነሱ የሚችሉት። እናንተስ ከየት ወዴት ቀጥታ በረራ ቢኖር ትላላችሁ? ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አነባዋለሁ።