«ጋሼ ነው የምለው»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ልጄ ዋሸኝና «ውሸታም ልጅ አላሳድግም!» ብዬ ጮህኩበት። ቃሉ የእናቴ ነው። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

መጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ አሰሳ ሲካሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤት ለቤት ነው የሚፈተሸው። መሣሪያ ይፈለጋል፣ የጽሕፈት መኪና ይፈለጋል፣ ማባዣ ይፈለጋል። ሰውም ይፈለጋል። እኛ ጓዳ ደግሞ ሌሊት የመጣ ሰው አለ። እናቴ ማታ ማታ ታስጠናኛለች፤ የእኔ ሀሁ እሱ ነበር። «ማነው?» «አጎቴ።» «ከየት መጣ?» «ከገጠር።» «ምን ሊያደርግ?» «ሊታከም።»

ፈታሾቹ የመጡ ዕለት እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምጣዱ ሥር የምትማግደው «ዴሞክራሲያ»ን ነው፣ የኢሕአፓን ጋዜጣ። (ያን ቀን የበላነው እንጀራ ወረቀት ወረቀት ይል ነበር፤ ማንም ግን ትንፍሽ አላለም።) አንዱ አብዮት ጠባቂ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ። አጎቴ፣ ከገጠር፣ ሊታከም… አንድም አልሳትኩም። «ስሙስ?» አለኝ። ስም አላጠናሁም! «ጋሼ ነው የምለው» አልኩት። ሳቀ። ወጡ።

እናቴ አልሳመችኝም፣ ጎበዝም አላለችኝም። ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ሰውየው በማግስቱ ሄደ። ከዚያ ብርጭቆ ሰብሬ በድመቷ አሳበብኩ። ያኔ ነው «ውሸታም ልጅ አላሳድግም» ብላ ጭኔን የመዘለገችኝ። ሚያዝያ 9 ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ነገር የሞላበት ጠርሙስ ሰበረ፣ ሰው አጨበጨበ፤ ቀይ ሽብር ታወጀ። እኔ በስድስት ዓመቴ የገባኝ፣ እሱን የሚቆነጥጥ እንደሌለ ብቻ ነው።

ያንን ትውልድ «ልጆቻቸውን እሳት ውስጥ ከተቱ» ብለው የሚወቅሱ አሉ። እኔ በዚያ አልቀየምም፤ እሳቱ ያልገባበት ቤት የት ነበርና! የእኔ ቅያሜ ሌላ ነው። ጥናቱ አልቋል ያለኝ የለም። ዛሬም የማላውቀው ሰው ስለ ቤቴ ከጠየቀኝ፣ መልሱ ሳላስበው ተሰልፎ ይመጣል።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን «የዚያ ሰውዬ ስም ማን ነበር?» አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀናም አላለች።

«እኔም አልጠየቅኩት። ባውቀው አንቺም ታውቂው ነበር።»