የተሸነሸነ ሰማይ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። አንድ የደሴ ልጅ ከሐይቅ በላይ ያነሳቸውን የድሮን ፎቶዎች ላከልኝና "ገጣጥሜ ፓኖራማ ሳደርጋቸው ሰማዩ ይሸነሸናል፣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው?" አለኝ። ፎቶዎቹ የቆዩ ናቸው። አሁን በኛ አካባቢ ድሮን ሲያጉረመርም ሰው ቀና የሚለው በጉጉት አይደለም፣ ስለዚህ ማብረሩን ትተን ያለንን እናስተካክል። "አብሽር፣ ሶፍትዌሩ ምንም አላደረገም" አልኩት።

ፋይሎቹን ስከፍት ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ፀሐይ ውሃው ላይ የምታብረቀርቅበት ፍሬም በ1/1000 ሰከንድ ተነስቷል። አጠገቡ ያለው፣ ወደ ማሳውና ወደ ተራራው የዞረው፣ በ1/320። ካሜራው አውቶ ላይ ስለነበር ዞር ባለ ቁጥር እንደገና ይወስናል፤ ብርሃን ሲበዛበት ያጨልማል፣ ጥላ ሲያይ ያፈካል። ልዩነቱ ከአንድ ስቶፕ ተኩል በላይ ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው። ስትገጣጥሙት ሰማዩ በተለያየ ቀን የተቀባ ግድግዳ ይመስላል።

ደግነቱ በሮው ነው ያነሳው፣ ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል። ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ማች ቶታል ኤክስፖዠርስ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የየፎቶውን ሹተር (ብርሃን የገባበትን ጊዜ)፣ አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አንብቦ ሁሉንም ከመረጣችሁት አንድ ፎቶ ጋር ያስተካክላል። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለሙን ሚዛን፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር ስጡት፣ ለፀሐያማ ቀን 5500 ኬልቪን ይሆናል። የሌንስ ፕሮፋይሉንም አብሩ፤ የፎቶ ጥግ ከመሃሉ ስለሚጠቁር፣ ካልተስተካከለ መጋጠሚያው ላይ ጥላ ሆኖ ይወጣል። መክፈል ለማይፈልግ ሁጊን የሚባል ፎቶ መገጣጠሚያ በነፃ አለ፣ ፎቶዎቹ የሚደራረቡበትን ቦታ አወዳድሮ ኤክስፖዠሩንም (የብርሃኑን መጠን) የጥጉን ጥቁረትም ራሱ ያሰላል።

ይህን ሁሉ ጨርሰን ልጁ "አሁንም በፀሐይ በኩል ነጣ ብሏል" አይለኝም! ይንጣ እንጂ። ጠዋት ጦሳ ላይ ወጥታችሁ ዙሪያውን እዩ፤ በፀሐይ በኩል ሰማዩ ነጭ ነው፣ ጀርባ ስትሰጧት ሰማያዊው ይጠልቃል። ካሜራው ያመጣውን ልዩነት አጥፉ፣ ፀሐይ ያመጣችውን ተዉት። የካሜራው መስመር ሰርቶ ይቆረጣል፣ የፀሐይዋ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። ሁለቱን አብሮ መጨፍለቅ ነው ያንን ፌስቡክ ላይ የምናየውን አመድማ ፓኖራማ የሚያመጣው፣ እኔ በበኩሌ ከሱ የተሸነሸነው ይሻለኛል።

ለወደፊቱ ማኑዋል ላይ አድርጉት። አይኤስኦ 100፣ ካሜራውን በጣም ወደሚያበራው አቅጣጫ አዙሩ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል እንዳይቆረጥ ሹተሩን አስተካክሉና ዙሩን እስክትጨርሱ አትንኩት። ጥላው መጨለሙ አያስጨንቃችሁ፣ ከሮው ይወጣል። የተቃጠለ፣ ብርሃን በዝቶበት ነጭ ሆኖ የቀረ፣ ግን አይመለስም። ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ማጣሪያ ካለ አውልቁት፣ በየአቅጣጫው ሰማዩን እኩል አያጠቁረውም።

የልጁም ፎቶ ውሃው ላይ ትንሽ ቦታ ተቃጥሎ ነበር። ጎረቤቱ ፍሬም ያንኑ ቦታ ደህና አድርጎ ስለያዘው፣ የተቃጠለውን በሁጊን ማስክ ሸፈንኩትና ከጎረቤቱ ወሰደ።