ማሊያው ያልቆሸሸው ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ታዳጊዎች የእግር ኳስ ክለብ ነው፤ እንዴት እንደሚጀመርና ለምን እንደሚጀመር።

የሰፈር ክለብ ቢሮ ውስጥ ታቅዶ አይወለድም። ልጆቹ ቀድመው ሜዳው ላይ አሉ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣል። ፊሽካ ይነፋል፣ የተጣሉትን ይገላግላል፣ ሲመሽ ኳሱን ይዞ ይገባል። ክለቡ በቃ እሱ ነው። ስሙ፣ ማሊያው፣ ማኅተሙ ኋላ ነው የሚመጣው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ አነሳሳቸው እንዲሁ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራቸው። ኤቨርተን በ1878 ሲጀመር የቤተ ክርስቲያን ቡድን ነበር። አርሰናልን በ1886 ያቋቋሙት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሴልቲክ ደግሞ በ1887 ግላስጎው ውስጥ የተመሠረተው ለድሃ ልጆች ምግብ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ዋንጫው ኋላ የመጣ ጣጣ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ናይሮቢ፣ ማታሬ በሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ በ1987 የተጀመረው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ነው። እዚያ ቡድኖች የሰፈራቸውን ቆሻሻ ሲያጸዱ በሊጉ ነጥብ ያገኛሉ። አስቡት፣ ነጥብ! ዓላማቸውን ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም፤ የደረጃ ሰንጠረዡ ውስጥ ከተቱት። የኖርዌይ ስፖርት ኮንፌዴሬሽን ደግሞ በዚያው ዓመት የልጆችን ስፖርት የሚመራ ደንብ አጸደቀ። ዛሬ እዚያ 11 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የደረጃ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር የለም።

የኛስ ክለብ? ስንመዘገብ ያው ሁሉም የሚጽፈውን ጻፍን። «በሥነ ምግባር የታነጹ ታዳጊዎችን ማፍራት» ምናምን። ክፋት የለውም። ግን የክለቡን ዓላማ ማወቅ ከፈለጋችሁ ወረቀቱን ተዉት። በአንድ ጎል እየተመራን፣ አሥር ደቂቃ ሲቀር፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ እዩ።

ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ይበልጥ ይታወቃል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ጭቃ በጭቃ ነው። አንድ ልጅ ግን ማሊያው እንዳለ ንጹህ ነው፤ ታኬታው እንኳን አልተነካም። ጓደኞቹ እየተጯጯሁ ሲወጡ እሱ የተረፈ ውኃ ይሰበስባል። እናቱ «እንዴት ነበር?» ስትለው ምን ይበላት?

ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም። አብረውት በአንድ የዕድሜ መደብ ከሚጫወቱት ልጆች ዘግይቶ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ወራት ላይ የተወለደ ነው። በአሥር ዓመት የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ቁመት ነው፣ ጉልበት ነው። እኛ «ተሰጥኦ» እያልን የምንመርጠው አንዳንዴ ቀድሞ መወለድን ነው።

አሁን አንዲት እናት ደብተር ይዛ ደቂቃ ትመዘግባለች። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ቢያንስ ግማሹን ጨዋታ ይገባል፣ ብንመራም ብንመራ... ማለቴ እየመራንም ሆነ እየተመራን። አንድ አባት «ታዲያ ለመሸነፍ ነው እንዴ የመጣነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ለ17 ዓመቱ ልጁ ቢሆን እስማማለሁ፤ እዚያ ቦታህን ታግለህ ነው የምታገኘው። ታናሽየው ግን ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ይሰለፋል፣ በረኛ ሆኖ።