ጆንያው ከሞላ በኋላ ወዴት? የጅማ መናፈሻዎችና የአዌቱ ዳር ጽዳት

ታምራት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን ቅዳሜ ጠዋት በጎ ፈቃደኛ ሰብስቦ መናፈሻ ማጽዳት ላሰበ ሰው ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ይሁን፣ ሰፈር ውስጥ ያለች አረንጓዴ ቦታ ትሁን፣ ወይም ቦዬ ረግረግ። ነጃት፣ ከምን እንጀምር? ከጓንት?

ነጃት፦ ከመኪናው።

ታምራት፦ ከየቱ መኪና?

ነጃት፦ ቆሻሻውን ከሚወስደው። እሱ ካልተገኘ እንዲያውም ሰው ባትጠራ ይሻላል። ሃያ ሰው ሁለት ሰዓት ከለቀመ ሃያም ሠላሳም ጆንያ ይሞላል። ጆንያው በር ላይ ይደረደራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰው ይበተናል። ማታ ውሻና ጅብ ይዘረግፉታል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ጎርፉ ጠርጎ አዌቱ ውስጥ ይከተዋል። ተበታትኖ የነበረውን ቆሻሻ ሰብስበን ለወንዙ አስረከብነው ማለት ነው።

ታምራት፦ አዌቱ ደግሞ ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ ነው የሚወርደው፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ግልገል ጊቤ ላይ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ። እዚህ ከድልድይ ላይ የተወረወረ ሃይላንድ መጨረሻው እዚያ ሐይቅ ላይ ሊሆን ይችላል።

ነጃት፦ ስለዚህ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቀበሌውን ወይም የአካባቢውን ቆሻሻ አሰባሳቢ ማኅበር አናግሩ። የትኛው ገንዳ ጋ፣ በስንት ሰዓት፣ ጫኙ ማነው? «ቅዳሜ እንመጣለን» መልስ አይደለም፣ ሰዓቱን አስቆርጡ። ገንዳው ሞልቶ ከሆነ የአህያ ጋሪ ወይም የጭነት ባጃጅ ተከራዩ። ለቲሸርት የታሰበው ብር ለዚህ ይዋል።

ታምራት፦ ቲሸርቷን ነካሻት!

ነጃት፦ ልንካት እንጂ። ቲሸርት ለብሶ ጆንያ በር ላይ ጥሎ መሄድ ምን ይሉታል?

ታምራት፦ እሺ፣ ወደ ዕቃው እንሂድ። ጆንያ ስትዪ የትኛውን ነው?

ነጃት፦ የማዳበሪያውን ከረጢት። ተሸምኖ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ያንጠፈጥፋል፣ በቀላሉም አይቀደድም። ግን የ50 ኪሎ ከረጢት ነው ተብሎ እስከ አፉ አይሞላም። እርጥብ ቆሻሻ ከባድ ነው፤ ከ10 ኪሎ በላይ ከሆነ የሚጎተተው መሬት ላይ ነው፣ ሥሩ ይቀደዳል። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ እሰሩት። ለሃያ ሰው 30 ከረጢት ያዙ። በጥቁር ፌስታል መልቀም ግን ቀልድ ነው፣ በፌስታል ላይ ፌስታል መጨመር።

ታምራት፦ አፉን ከፍቶ የሚይዝ ሰውስ?

ነጃት፦ ሰው አያስፈልግም። ታቹ የተሰነጠቀ የማይረባ ባልዲ ፈልጉ፣ ታቹን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከረጢቱ አፍ ላይ አስገቡትና ጠርዙን በላዩ ገልብጡ። አፉ ክፍት ሆኖ ይቆማል። ሲሞላ ባልዲውን ነቅሎ ወደ ሚቀጥለው ነው።

ታምራት፦ መልቀሚያውን እኔ ልናገር። አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጫፉ ላይ ሚስማር። ሚስማሩ በቀጥታ ከተመታ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ የሚስማሩን ራስ ቆርጣችሁ በተቆረጠው በኩል አስገቡት፣ ዙሪያውን በሽቦ እሰሩ። ለፌስታልና ለወረቀት ግሩም ነው፣ ወገብ ያድናል። ለሃይላንድ አይሆንም፣ ያንሸራትታል። ልጆች ካሉ ደግሞ ይህን እንጨት ጭራሽ አታውጡት።

ነጃት፦ ጓንቱ ወፍራም የጎማ ወይም የቆዳ ይሁን። የሐኪም ቤቱ ስስ ጓንት ምላጭ አያግድም። ጫማው ቦቲ።

ታምራት፦ መርፌ ቢገኝስ?

ነጃት፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። መርፌና ምላጭ የሚያነሳ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ይመደብ። ሌላው ሲያይ እዚያው ቆሞ ይጠራዋል። ማስቀመጫው ክዳን ያለው ወፍራም ጀሪካን ነው፣ የ5 ሊትር የዘይት ዕቃ ይበቃል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ በሌላ እጅ አይያዝም፣ ሰው የሚወጋው እዚያ ላይ ነው። መርፌው በመቆንጠጫ ተይዞ ሹሉ ቀድሞ ይገባል። ክዳኑን መልሶ መርፌው ላይ መግጠም የለም። ጀሪካኑ ሦስት አራተኛ ሲሆን ተዘግቶ አስቀድማችሁ ወዳነጋገራችሁት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ገንዳ ውስጥ አይጣልም።

ታምራት፦ የተወጋ ሰው ካለ?

ነጃት፦ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። መጭመቅም መምጠጥም አያስፈልግም። ከዚያ ሥራውን ትቶ ወዲያው ጤና ተቋም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቅ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ እስከ ሰኞ የሚጠብቅ አለ፣ ይህን አትፍቀዱ።

ታምራት፦ አለቃቀሙስ? ብዙ ጊዜ ሰው እንደ ዶሮ ይበተናል።

ነጃት፦ ተበትኖ ትልልቁን ብቻ ያነሳል፣ ቆርኪውና የከረሜላው ልጣጭ ይቀራል። ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቃችሁ በአንድ መስመር ሂዱ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩና ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አድርጉ። ብርሃኑ ከፊት ሲመጣ ነጩ ላስቲክ ሣሩ ውስጥ ያብረቀርቃል፣ ፀሐይ ከጀርባ ከሆነች ግን ታልፉታላችሁ። ወንዝ ዳር ከሆነ ከላይኛው በኩል ወደ ታች ውረዱ፣ ያመለጣችሁን የታችኛው ቡድን ይይዘዋል።

ታምራት፦ ስለ ሣሩ አንድ ነገር አለኝ። ጅማ ላይ ሣር አይቆይም፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ጉልበት ድረስ ነው። አትክልተኛው ማጨጃውን ከማስነሳቱ በፊት ልቀሙ። ማሽኑ ካለፈበት አንዱ ፌስታል መቶ ቦታ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሳውም።

ነጃት፦ ስሱ ፌስታል በተለይ። በነገራችን ላይ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለው ፌስታል በአዋጅ 513/1999 ከተከለከለ ስንት ዘመኑ! ሥራ ላይ የምናገኘው ግን እሱኑ ነው።

ታምራት፦ ገራባውን፣ የጫቱን ትራፊ ይዞ።

ነጃት፦ ገራባውን ይዞ! የጅማ መናፈሻ ችግር እሱ ነው። ገራባ ብቻውን ቢሆን ቅጠልና እንጨት ነው፣ ይበሰብሳል። ግን ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ ይጣላል። ፍየሏና ላሟ ቅጠሉን ብለው ፌስታሉን አብረው ይውጡታል። ላስቲክ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ ይጠቀለልና ይደፍናል። ስለዚህ ፌስታሉን ፍቱት፣ ገራባው ለብቻው ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ፣ ፌስታሉ ወደ ከረጢት።

ታምራት፦ ስንት ከረጢት ነው የምንለየው እንግዲህ? አምስት ቀለም ይሁን የሚሉም አሉ።

ነጃት፦ አይሠራም። ሰው ግራ ይገባዋል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይቀላቀላል። ሁለት ከረጢት፦ ሃይላንድ፣ እና ሌላው በሙሉ። ሃይላንዱ ክዳኑ ይፈታ፣ ውሃው ይደፋ፣ ይጨፍለቅ። ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ በዚያ ላይ ካልተፈታ አየሩ አይወጣም፣ ከረጢቱ በነፋስ ይሞላል። ውስጡ ቢጫ ፈሳሽ ያለበትን ግን...

ታምራት፦ አትክፈቱት። ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ነጃት፦ እንደተዘጋ ወደ «ሌላው»። ንጹሑ ላይ ጭቃና የተረፈ ምግብ ከነካ ቆራሌው አይወስደውም።

ታምራት፦ ሽጠን የሻይ ወጪ እንሸፍናለን የሚሉ አሉ።

ነጃት፦ ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ10 እስከ 15 ግራም ነው። ኪሎ ለመሙላት ከ67 ገደማ እስከ 100 መልቀም አለብህ። ለእኛ ምንም አይደለም፣ በዚያ ለሚያድረው ልጅ ግን የቀኑ እንጀራ ነው። ቅዳሜ መጥተን እንጀራውን ለቅመን ባንሄድ ደስ ይለኛል። ቀድማችሁ ንገሩት፣ ይምጣና ሃይላንዱን ይውሰድ። ደግሞ የት የት እንደሚከማች ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ታምራት፦ ቦዬን አንርሳ። እዚያ ደንቡ ይለወጣል።

ነጃት፦ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ቦዬ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ዳሩ አትቅረቡ፣ ሣሩ ተደፍጥጦ እንደ መንገድ የተከፈተበት ቦታም ላይ አትቁሙ። ከጉማሬና ከውሃው መሃል መገኘት ነው አደጋው። ዘውድ የደፉት ረጃጅም ወፎች ደግሞ ረግረጉ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት በክረምት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሣሩ ውስጥ አትግቡ፣ መንገድ ዳሩ ይበቃችኋል።

ታምራት፦ ውሃው ውስጥ ያለውንስ?

ነጃት፦ በረጅም መንጠቆ ከዳር። ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ባዶ እግር መግባት ቢልሃርዚያ መጋበዝ ነው፣ በቆዳ ነው የሚገባው። መንጠቆው የማይደርስበትን ተዉት።

ታምራት፦ ሥራው ሲያልቅ?

ነጃት፦ 20 ሊትር ውሃና ሳሙና ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ጓንቱ እጅ ላይ እንዳለ ይታጠብ፣ ከዚያ ተገልብጦ ይውለቅ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ። የጎማ ጓንት ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጣጠቃል። አንድ ሰው ደግሞ ወረቀት ይዞ የትኛው ቆሻሻ የት እንደበዛ ይጻፍ። አንዷ አግዳሚ ወንበር ሥር ብቻ ሲጋራና ለውዝ ልጣጭ ከበዛ፣ ክዳን ያለው ቅርጫት የሚያስፈልጋት እሷ ናት፣ በሩ አይደለም።

ታምራት፦ መኪናው እስኪመጣ ከጆንያው ጋርስ ማን ይቆይ?

ነጃት፦ የመጨረሻው ጆንያ እስኪጫን ሁለት ሰው ይቅር። ስማቸው ጠዋት ላይ ይታወቅ፣ ያኔ ሁሉም ደክሞት «እኔ ታክሲ ያመልጠኛል» ይላል።